ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል

ልጆች ሆይ፤ ዛሬ በድሬዳዋ ጎዳና መኪና ሲያልፍ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። ባጃጁም ታክሲውም ከከዚራ ወደ መጋላ፥ ከመጋላ ወደ ከዚራ ሲመላለስ ይውላል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም መንገዱን ይለቅለታል እንጂ አይደነቅበትም። ነገር ግን በአገራችን ከዳር እስከ ዳር አንድ አውቶሞቢል ያልነበረበት፥ ሊነዳውም የሚችል አንድ ኢትዮጵያዊ ያልተገኘበት ዘመን ነበረ። ያን ጥበብ ባሕር ተሻግረው ተምረው ካመጡልን ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ እሸቴ በ1868 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፥ በምንጃር አገር ተወለዱ። ምንጃር የጤፍ አገር ነው፤ ዘፈኑም እስከ ዛሬ የታወቀ ነው። ተሰማም የአገራቸው ልጅ ነበሩና ግጥም ይወዱ ነበር። ሰምና ወርቅ ያውቁ ነበር። ሰምና ወርቅ ማለት አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲናገር ነው፤ ሰሙ ከላይ የሚታየው ነው፤ ወርቁ ግን ከሥር ተሸሽጎ አስተዋይ የሚያገኘው ነው። መሰንቆም ይመቱ ነበር። ይሁን እንጂ በትውልድ አዝማሪ አልነበሩም፤ ስለዚህ መሰንቆ ማንሣታቸው ለብዙ ሰው የሚያስገርም ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ዘፈኑን ይወዳል፤ ዘፋኙን ግን ይንቃል። በግብር ላይ ያስዘፍነዋል፥ ይሸልመዋልም፤ በማግሥቱ ግን ከእርሱ ጋር መዛመድን ያፍራል።

የሚናቀውም አዝማሪ ብቻ አልነበረም። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው ሰው ጠይብ እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ቡዳ ነው ተብሎም ይፈራ ነበር። ሸማኔውም ፋቂውም እንዲሁ። ሰው ጠይቡ በሠራው ማረሻ አርሶ ይበላል፥ ሸማኔው የሠራውን ሸማ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሠሪውን ግን በቤቱ አያስቀምጥም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህ ልማድ አገርን የሚያደኸይ መሆኑን አዩ። ስለዚህ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሰደበ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር፥ ደግሞም ሲሳደብ ቢገኝ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የብዙ መቶ ዓመት ልማድ ነጋሪት በተጐሰመበት ቀን አይጠፋም።

አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ሁለት አውቶሞቢሎች ወደ አዲስ አበባ ገቡ። እንዴት እንደ ገቡ ለማወቅ አስቀድሞ የከተማችንን ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። በደቻቱ ወንዝ ዳር፥ ከዚያ በፊት ጥቂት ጐጆዎች እንጂ ከተማ ባልነበረበት ስፍራ፥ ድሬዳዋ ተቈረቈረች፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ይሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ሐዲዱ ለብዙ ዓመት እዚሁ ቆመ። አዲስ አበባ የደረሰው በፈረንጅ 1917 ዓመት ነው። እንግዲህ ሐዲዱ እዚህ በቆመባቸው ዓመታት ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዕቃ ባቡሩን የሚሰናበተው በድሬዳዋ ነበረ። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ የግመልና የበቅሎ ነበር። ለንጉሡ የመጡት የፋብሪካ ዕቃዎች ሁሉ ይህን ችግር አይተዋል። አስቀድሞም ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ መንገድ የሚደመድም፥ በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና ለንጉሡ አምጥቶ ነበር፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ብሎ ሰየመው። ሐዲድ የሌለው ባቡር ማየት ለሰው ትልቅ ድንቅ ነበረ።

አውቶሞቢሎቹ ግን ከዚያ የተለዩ ነበሩ። የመጀመሪያውን ያመጣው ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ መኪናውም ሲድሌይ ይባል ነበር። ይህ ሰው ከጓደኞቹና ከአንድ ውሻው ጋር በበረሃ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ። ከእርሱ በኋላ ሳይቈይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የሚባል አውቶሞቢል ይዞ መጣ። ናኬ የሚሠራው በጀርመን፥ በሳክሶን አገር፥ ከድሬስደን ከተማ አጠገብ ባለችው በኮስቪግ ነበር። ፋብሪካውን ያቆመው ኤሚል ናኬ በዚያ አገር አውቶሞቢል በመሥራት ቀዳሚ ሰው ነበረ።

የመንገዱን ነገር አስቡ። ድሬዳዋ ከባሕር በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በመካከሉ የአዋሽ ቈላ አለ፤ ወደዚያ ወርዶ ዳግመኛ ተራራውን መውጣት ያስፈልጋል። የተጠረገ መንገድ የለም። እሾኹ ጎማውንና ከመነዳሪውን ይበሳዋል። ፀሐዩ የራዲያተሩን ውኃ ያፈላዋል፤ ውኃ ደግሞ በዚያ በረሃ ለሰውም ለከብትም አይበቃም። ቤንዚን የሚሸጥበት ቤት ስለሌለ አስቀድሞ በቆርቆሮ ተሞልቶ በግመል መሄድ አለበት። እንዲህ ስለ ሆነ ፈጣኑ አውቶሞቢል ዝግተኛውን ግመል ይጠብቅ ነበር!

ዐፄ ምኒልክ አዲስ ጥበብ የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ፤ ስለዚህ መኳንንቱ ለነፍሳቸው ሲሰጉላቸው እርሳቸው ያለ ፍርሃት በአውቶሞቢሉ ተቀመጡ። በጣምም ደስ አላቸው። ነገር ግን የሚነዳው ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ ወደ አገሩ የሄደ እንደ ሆነ፥ ወይም አንዲት ብሎን የወለቀች እንደ ሆነ፥ ያ ሁሉ ሀብት የወጣበት ነገር በግቢ ቆሞ ዶሮ የሚሰፍርበት ብረት ይሆናል። በቅሎ ብትታመም ባላገሩ መድኃኒቷን ያውቃል፤ የአውቶሞቢልን በሽታ የሚያውቅ ግን በአገሩ አልነበረም። ዕቃ መግዛት ቀላል ነው፤ ዕውቀቱ ግን ከዕቃው ጋር ተጭኖ አይመጣም።

ስለዚህ በፈረንጅ 1908 ዓመት ተሰማ እሸቴ አውቶሞቢል መንዳትና ማበጀት እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። በግጥማቸውና በንግግራቸው የሚከበሩ ሙሉ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ቋንቋውን በማያውቀው አገር እንደ ገና ተማሪ ይሆናል፤ ካባውን አውልቆ በመኪና ሥር ይተኛል፤ እጁም በዘይት ይጠቍራል። በአገር ቤት ይህን የሚያይ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ጠይብ ሆነ ይላል። እርሳቸው ግን ሄዱ።

በዚያ ዘመን ወደ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ ከአዲስ አበባ ድረስ በበቅሎ እየተጓዘ፥ በየሰፈሩ እያደረ፥ ወደ ድሬዳዋ ይመጣ ነበር። ከዚህ ከለገሃር በባቡር ተሳፍሮ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከጅቡቲም መርከብ ይይዛል።

በጀርመን አገር መንዳት የሚማር ሰው ምን ይማር ነበር? በዚያን ጊዜ የነበረ አውቶሞቢል በቍልፍ አይነሣም ነበር። ከፊቱ ማኖቬላ የሚሉት የብረት እጀታ አለ፤ ሾፌሩ ከወንበሩ ወርዶ በጕልበቱ ያሽከረክረዋል። አያያዙን ያላወቀ እንደ ሆነ እጀታው በድንገት ወደ ኋላ ተመልሶ ክንዱን ይሰብረው ነበር። ከዚያም የሞተሩን ጠባይ መማር አለ። ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ አራት ጊዜ ይመላለሳል። በመጀመሪያ ሲወርድ ቤንዚንና አየር ይስባል፤ ሲወጣ ያንኑ ጨቍኖ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ካንዴላው የእሳት ፍንጣሪ ይሰጠዋል፥ እሳቱም ፒስተኑን በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል፤ በመጨረሻ ሲወጣ ጢሱን ያስወጣል። መንኰራኵሩን የሚያዞረው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ግን ለእርሱ ያዘጋጁለታል። መካኒክ የሚባለው ሰው ይህን ሁሉ ሳይከፍት በጆሮው ያውቀዋል። ሞተሩ ሲያስል የትኛው ሲሊንደር እንደ ታመመ ይለያል። ለመሰንቆ ተጫዋች ጆሮ ይህ ትምህርት ባይከብድ አያስደንቅም፤ ያልተቃኘ ክርና ያልተቃኘ ሞተር ሁለቱም ድምፃቸው ያጋልጣቸዋል።

ተሰማ በጀርመን ሳሉ ግን ሌላ ነገር ደግሞ አደረጉ፤ ስማቸውን ይልቁን ያቈየውም ይህ ነው። በፈረንጅ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከእርሳቸው በፊት ዘፈኑን በሸክላ ለሽያጭ ያስቀረጸ ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ አይታወቅም።

በዚያን ጊዜ የዛሬው ዓይነት የድምፅ መሣሪያ አልነበረም፤ ድምፅን በኤሌክትሪክ መቅረጽ ገና አልተገኘም ነበር። ዘፋኙ በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ መለከት ወደ ተከፈተ ትልቅ ቀንድ ፊት ይቆማል። ድምፁ በቀንዱ ገብቶ ቀጭን ገበታን ያንቀጠቅጣል፤ ገበታው መርፌን ያንቀሳቅሳል፤ መርፌውም በሚዞር ሰም ላይ እንደ ጠጕር የቀጠነ መስመር ይጽፋል። ከዚያ ሰም ላይ በብረት ማተሚያ ይወጣል፤ በማተሚያውም ብዙ ሸክላ ይታተማል። በአንድ ፊት የሚገባው ዘፈን ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሊዘፍን የሚችል ሰው ነገሩን ቈርጦ፥ መርጦ፥ በሦስት ደቂቃ መጨረስ ነበረበት። ቢሳሳት ሰሙ ይጣላል፥ እንደ ገናም ይጀመራል። እኛ ሸክላ የምንለው ከአፈር ስለ ተሠራ አይደለም፤ በህንድ አገር በዛፍ ላይ የሚኖር ትንሽ ተባይ ከሚያወጣው ሙጫና ከደቀቀ ድንጋይ የተደባለቀ ነው። ነገር ግን እንደ ሸክላ ድስት ሲወድቅ ይሰበራልና ስሙ አልከፋበትም።

ተሰማም እያዜሙ መሰንቆ መቱ፤ ከአሥር የሚበልጡ ሸክላዎችም ተሞሉ። ስለዚህ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በአገራቸው የሚናቁትን ሁለቱን ሥራዎች፥ የብረትን ሥራና የመሰንቆን ሥራ፥ በሌላው አገር አክብረው ሠርተው መጡ። ከዚያ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱን አውቶሞቢል ነዱ። የትናንቱ ሰው ጠይብ ያለው እጅ የንጉሡን ነፍስ ይዞ መሪ አዞረ።

ዐፄ ምኒልክ ግን በዚያን ጊዜ በጽኑ ሕመም ተይዘው ነበር፤ በአውቶሞቢላቸው ብዙ ሳይደሰቱበት በ1906 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ዐረፉ። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ወጣት ነበሩ፤ ተሰማንም ወደዷቸው፥ አቀረቧቸውም። ነጋድራስነትንም ሾሟቸው። ነጋድራስ ማለት የነጋዶች ራስ ማለት ነው፤ ገበያውንና ቀረጡን የሚጠብቅ ትልቅ ሹመት ነው። ነገር ግን በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ በሐረር ሳሉ በአዲስ አበባ ከሥልጣን መሻራቸው ታወጀ። ጌታው የወደቀበት ሰው ምን እንደሚያገኘው ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ የነጋድራስ ተሰማም መልካም ዘመን ከዚያ ጋር አበቃ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጨዋታቸውና ቅኔያቸው ግን ከአፋቸው አልጠፋም። በፈረንጅ 1921 ዓመት በጅማ ይድነቃቸው የሚባል ልጅ ተወለደላቸው፤ ይህ ልጅ አድጎ የኢትዮጵያን እግር ኳስ ካቆሙት ሰዎች አንዱ ሆነ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ፥ በ1968 ዓ.ም.፥ የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በአዲስ አበባና በዚህ በድሬዳዋ ከተማ ተደርጓል፤ ከአያቶቻችሁ መካከል ያን ጨዋታ በስታዲየም ተቀምጠው ያዩ ይኖራሉና ጠይቋቸው። አባትየው ግን ይህን አላዩም። ነጋድራስ ተሰማ በፈረንጅ 1964 ዓመት፥ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረው፥ ዐረፉ።

አሁን ደግሞ ስለ መኪናዎቹ እንናገር፤ እነርሱም እንደ ሰው ዕድሜ አላቸው። የሲድሌይ መኪና ዎልስሌይ ከተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ጋር ተያይዞ ይሸጥ ነበር፤ የሲድሌይ ስም ከዚያ ከመኪናው ላይ ቀደም ብሎ ወረደ፥ ዎልስሌይ የሚለውም ስም በፈረንጅ 1975 ዓመት ቀረ። የኮስቪጉ ናኬም በፈረንጅ ከ1930 ገደማ ወዲህ መኪና አልሠራም። ዛሬ የተረፉት የናኬ መኪናዎች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በቤተ መዘክርና በሰብሳቢዎች እጅ እንደ ቅርስ ይጠበቃሉ። በአውሮፓ እንዲህ ያሉ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው። አንዲት የጠፋች ብሎን ሲፈልጉ ዓመት ይፈጃሉ፤ ያላገኙ እንደ ሆነ ራሳቸው ቀርጸው ይሠሯታል። ሠሪው የሞተበት መኪና መለዋወጫ የሚሸጥለት ስለሌለው፥ በሕይወት የሚቈየው እጁ የሚሠራ ሰው እስካለው ድረስ ብቻ ነው።

የድሬዳዋና የሐረር ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ፔጆ 404 የሚባለውን መኪና በፈረንሳይ አገር መሥራት ያቆሙት በፈረንጅ 1975 ዓመት ነው። በእኛ ከተሞች ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥር ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ያቈየው ፈረንሳዊው ፋብሪካ አይደለም፤ ጋራዡ ውስጥ ያለው መካኒክ ነው። እንዲሁም የቀድሞው ባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ መምጣቱን ከተወ ዓመታት ቢያልፉም፥ በምድር ባቡሩ ግቢ ያሉት አሮጌ ሎኮሞቲቮችና የብረት መቅረጫ መኪናዎች የከተማችን ሀብት ናቸው። ከእናንተም መካከል አያቱ በዚያ ግቢ ተቀጥሮ ልጆቹን ያሳደገ አይታጣም።

የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎችም እንደ አሮጌዎቹ መኪናዎች ሆነው ነበር። ብዙዎቹ ተሰበሩ፤ ሌሎቹም በየሣጥኑ ተረሱ። በሰላሙም በጦርነቱም ቤት ሲፈርስና ሰው ሲሰደድ፥ ሸክላ ይዞ የሚሸሽ ጥቂት ነው። ቀሪዎቹን ፈላጊዎች ከዚህም ከዚያም ለቅመው አገኟቸው። በፈረንጅ 2011 ዓመት፥ ከተቀረጹ መቶ ዓመት ሲሞላቸው፥ ኢትዮፒክስ በተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 27ኛ ሆነው ዳግመኛ ታተሙ። ድምፁን የሰማ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው መርፌው ሸክላውን ሲፍቅ እንደ ዝናብ የሚንሿሿውን ነው። ጥቂት ቈይቶ ከዚያ ዝናብ ሥር መሰንቆው ይመጣል፤ ከመሰንቆውም ጋር መኪና ሊማር ባሕር የተሻገረው የምንጃሩ ሰው ማዜም ይጀምራል።